ባቱ የወፈረው ልጅ

በሰንበቴ የከብት ገበያ እንደ እኔ ከብት የሚያውቅ ደላላ አልነበረም፤ አሁንም የለም። ጉራ የሚመስለው ካለ ከከሚሴ እስከ ባቲ ያለውን ነጋዴ ይጠይቅ። ማንም አላስተማረኝም። ፊደልንም ቢሆን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ራሴው ለቅሜ ነው ያወቅሁት። ወይፈን ሲቀርብ ሌሎቹ ጥርሱን ሲፈለቅቁ እኔ ከኋላው ቆሜ ጭኑንና ባቱን አያለሁ። ከኋላው የሞላ ከብት ቀንበር ይችላል። በዚህ ተሳስቼ አላውቅም።

ስለዚህ የሴት ልጄ ልጅ ቆሞ መሄድ ሲጀምር ባቱን አይቼ ደስ አለኝ። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ የጎልማሳ ባት ይመስል ነበር። በሰፈሩ ያሉትን ልጆች እግር ሁሉ ተመልክቻለሁ፤ የሱን የሚያህል የለም። ጓደኞቼ በተቀመጡበት ልጁን እየጠራሁ ሱሪውን ሰብስቤ አሳያቸው ነበር።

«ይሄ ልጅ እኔን ነው የወጣው» እላቸዋለሁ።

«አንተንማ ቢወጣ የሚወፍረው ምላሱ ነበር» አለኝ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። ቅናት ነው።

ልጁ ግን ይወድቅ ነበር። መጀመሪያ ጫማው ሰፍቶት ነው አልን። ቀጥሎ ቅልብልብ ስለሆነ ነው አልን። ትምህርት ቤት ሲገባ እኩዮቹ ሮጠው ሲያልፉት እሱ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ሆዱን ወደፊት ገፍቶ ይሄዳል። አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ወድቆ ሲነሳ አየሁት። መጀመሪያ መቀመጫውን አነሳ፤ ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎም ጭኑ ላይ እያሳረፈ በራሱ እግር ላይ ተንጠላጥሎ ቆመ። ከብት ነው እንዲህ የሚነሳው፤ የኋላውን አስቀድሞ። ሰው እንዲያ ሲነሳ አይቼ አላውቅም። ያ ባት እያለለት ለምን? እስከዛሬም የሚያደናግረኝ እሱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የአማቼ እናት ነገሩን አነሳችው። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ከሚሴ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነው፤ ዝምተኛ ሰው። እናቱ ግን ዝም አትልም። «በኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ከሚስትህ ወገን ነው የመጣ። መልሳትና ሌላ አግባ» ትለዋለች ብላ ልጄ እያለቀሰች ነገረችኝ። ሽማግሌ ይቀመጥ ተባለ። ልጄ ከትዳሯ ከወጣች ያንን ልጅ ማን ይሸከመዋል? እኔ ጉልበቴ አርጅቷል፤ እሷ ደግሞ ልጁ ከወገቧ በላይ ደርሶባታል።

አልፈራሁም። ሽምግልና ላይ ተረትቼ አላውቅም። ልጄን ስድር የአማቼን አባቶች እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሬያለሁ፤ የራሴንም ቆጥሬላቸዋለሁ። የኛ አገር ወግ ነው። ከኔ ሰባት አባቶች መካከል እግሩ የከዳው አንድም የለም። እንግዲህ እነሱ የደበቁት ቢኖር ነው ብዬ፣ ሐኪም ቃሉን ይስጥልኝና አፋቸውን አስይዛለሁ ብዬ፣ ከሽምግልናው በፊት ልጄን፣ ልጁንና ባለቤቴን ይዤ ደሴ ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ልጁን መሬት ላይ አስቀምጣ «ተነስ እስቲ የኔ ጎበዝ» አለችው። እንደ ልማዱ ተነሳ። ባቱን ዳሰሰች። ደሙም ተመረመረ። ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ገና ሳትናገር ቀደምኳት።

«የባቱን ጥንካሬ አየሽው አይደል?»

«አባባ፣ ያ ጥንካሬ አይደለም» አለች። «ጡንቻው እያለቀ ነው። ሲያልቅ ቦታውን ስብና ጅማት የመሰለ ነገር ይተካዋል። ለዚህ ነው የወፈረው። ብዙ ሰው ያሳስታል።»

ብዙ ሰው ያሳስታል ማለቷን ልብ በሉልኝ። ቀጥላ ቀስ በቀስ እንደሚደክም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መራመድ እንደሚያቆም፣ ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ፣ ድካሙን የሚያዘገይ ግን እንዳለ ነገረችን። ዳገት አታስወጡት፣ እግሩን ቀስ አድርጋችሁ አፍታቱለት አለች። ልጄ መሬት መሬቱን ታያለች። ልጁ መስኮቱ ጋ ሆኖ መኪና ያያል።

«በዘር የሚመጣ ነው» ስትል እኔ ወዲያው ሰባቱን አባቶቼን መቁጠር ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«አባባ፣ አባቶችዎን አይደለም የምጠይቀው። በእናቱ በኩል፣ የእናቱ እናት ወንድሞች እንዴት ነበሩ?»

የሚስትን ወንድሞች እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ማን አለ? ባለቤቴ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ «ኦቦሌሳ ኮ» አለች በኦሮምኛ። ወንድሜን ማለቷ ነው። «ትንሽ ልጅ ሆኖ ጂን እግሩን መታው ተባለ። እናቴ አዝላው ሳለ ነው የሞተው።»

ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም። ለምን ስላት «መቼ ጠየቅኸኝ?» አለች።

«እሱ ይሁን አይሁን አሁን ማወቅ አንችልም» አለች ሐኪሟ። «ግን ብዙ ጊዜ በእናት በኩል ነው። ሴት ይህ ዘረመል ሁለት አላት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል። ወንድ ግን ከእናቱ የሚያገኘው አንድ ብቻ ነው።»

«የኔ ወንዶች ልጆች ግን ደህና ናቸው!» አልኳት።

«ዕጣ ይበሉት። ለአንዱ ደህናው ይደርሰዋል፣ ለሌላው የተበላሸው። አንዳንዴ ደግሞ በዘር ሳይኖር እንዲያው ይጀምራል።»

በሚኒባስ ስንመለስ ይህን በሐሳቤ እያላመጥሁ መጣሁ። ደህና ሰው የሌለበትን በሽታ እንዴት ያወርሳል? ሐርቡ ከተማን ስናልፍ ግን በራሴ ጭንቅላት ደረስኩበት። ኮርማ አይታለብም። የወተት ላም ልጅ የሆነ ኮርማ ግን የእናቱን ወተት ለሴት ልጆቹ ያወርዳል። ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ከዚህ በሽታ ጋር ያገናኘው ግን እኔ ነኝ። ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት። «እሺ» ብላ ተመልሳ ተኛች።

የሽምግልናው ቀን አማቾቼ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ዱዓ ተደረገ። የአማቼ አባት «እህስ፣ ሐኪሟ ምን አለች?» አለኝ። እኔም ጉሮሮዬን አጠራሁ።

«ኮርማ ይታለባል?»

«አይታለብም።»

«የእናቱን ወተት ለልጆቹ ያወርዳል አያወርድም?»

«ያወርዳል።»

«በቃ። ይህም እንደዚያ ነው። ልጄ ደህና ናት፤ በሽታው በሷ ውስጥ አልፎ ሄደ እንጂ እሷ አታውቀውም።»

«ምን ሰው ነህ፣ ልጅህን ኮርማ አደረግሃት እኮ!» አለ አንዱ ሽማግሌ። ተሳቀ። ጥሩ ተናግሬ ነበር። ሁሉም ገባው። ይኸው ደግሞ ጣጣው ሆነ፤ የአማቼ እናት ከበሩ ላይ ሆና «ታዲያ ከናንተ ቤት መጣ ማለት አይደለም እንዴ?» አለች።

  አልዋሽ ነገር ሐኪሟ ነግራኛለች። ከሷ ነው እንዳልል ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጥፋት አይደለም አልኩ፤ ታዲያ ምንድን ነው ሲሉኝ አላወቅሁም። የአላህ ቁጣ ነው? ዕጣ ነው? ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያዩ። ለተሰረቀ ከብት፣ ለፈረሰ ድንበር የምንፈርደውን እናውቃለን፤ ማንም ሳያደርገው ለመጣ ነገር ግን እንዴት ይፈረዳል?

በዚህ መሃል አማቼ ተነሳና ጫማውን ያደርግ ጀመር።

«ወዴት ነው?» አለው አባቱ።

«ትምህርት ቤት ሊለቀቅ ነው። ደረጃውን ብቻውን አይወርድም።»

«ነገሩ መች አለቀና!»

«እናንተ ጨርሱት» አለ። ወደ ልጄ ዞሮም «መድኃኒቱን ምሳውን ሲበላ ነው አይደል ያልሽኝ? ምሳውን አቅርቢለት» አላት። ልጄ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እናቱ በሩን ዘግታ ቆማ ነበር፤ ሳትወድ በግድ ለቀቀችላት።

እኛ ዛፉ ሥር ቀረን። የምንሸመግለው ሰው የለም፤ ተነስተን መሄዱም አሳፈረን። ጥቂት ቆይቶ አባትና ልጅ በመንገዱ ብቅ አሉ። ልጁ አባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ባቶቹ የአባቱ ደረት ላይ ተንጠልጥለዋል። ከሩቅ ሆኜ እንደ ልማዴ ባቶቹን አየኋቸው። እውነቱን ለመናገር አሁንም ያምራሉ። ዓይኔ አያረጅም፤ ያየሁትን አውቃለሁ። ሐኪሟ ያለችውንም አውቃለሁ። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደማስቀምጣቸው ነው ያላወቅሁት።