ጎማ የሚያዟዙሩት ሽማግሌ

ዳንግላ መናኸሪያ በር ላይ ጎማ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቱታቸው ግሪስ የጠገበ ነው፤ አንገታቸው ላይ ግን ንጹሕ የሴት ሻሽ ጠምጥመዋል። ሚኒባሳችን ልትነሳ ስትል የፊት ጎማዋን በመዳፋቸው ዳበሱ።

«አንድ ጎኑ ተበልቷል፤ ከኋላው ጋር ላቀያይርልህ» አሉት ሾፌሩን። «በየጊዜው ሲዟዟሩ እኩል ያልቃሉ፤ መንገድ ላይም አይከዱህም።»

«አባባ፣ ሰው ሞልቷል። ስመለስ ይሁን።»

«አንዱን ሾፌር ‹ስትመለስ› ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የገበያ ቀን ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ። ልጄ ተሳፍራበት ነበር። እንጅባራ ሳይደርሱ ጎማው ፈነዳ።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እኛም ማንም ሳያዘን ወረድን። ሽማግሌው አራቱንም ጎማ አዟዙረው ብሎኑን ሁለት ሁለት ጊዜ አጠበቁ። ስንነሳ አልሸኙንም፤ ለእንጅባራ መንገድ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።