ሰባት ሰዓት ላይ የተገደፈ ጾም

ዳንግላ የታሰርነው እህል መጋዘን ውስጥ ነበር፤ በ2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ዐቢይ ጾም እንደገባ። ገፍተው ሲያስገቡኝ መነጽሬ ወልቆ ስለነበር ግድግዳውን የተደገፈ ጆንያ አየሁና ተቀመጥኩበት።

"አባቴ፣ ሰው ነኝ እኮ" አለኝ ጆንያው።

የአዘና ገበሬ ነው፤ የስኳር በሽተኛ። ጠዋት ኢንሱሊኑን ይወጋና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም። ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር ነኝና፣ "መርፌው ያለ ምግብ ይጥልሃል" አልኩት።

"እሱ ያውቃል" ብሎ ወደ ላይ አሳየኝ።

አንድ ቀን ሰባት ሰዓት ሲሆን ላብ አጠመቀው። እጁ ተንቀጠቀጠ። በአማርኛ ስናናግረው በአገውኛ መለሰ፤ ቀጥሎ አንደበቱ ተሳሰረ። አንዱ እስረኛ የተቀቀለ ድንች ሊያጎርሰው ሲል እጁን ያዝኩ።

"ድንች አይደርስለትም! እጅ ለእጅ የተያያዘ የግሉኮስ ሰልፍ ነው፤ ሆድ ውስጥ እስኪበተን ሰውየው ያልፋል። ስኳር!"

በሰልፍ የታሰረ ሰው መሀል ሰልፍን ምሳሌ ማድረግ! ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ ምላሴ አይደለችም። በሩን ደበደብኩ።

"ለስኳር በሽተኛ ስኳር?" አለ ጠባቂው። "አንተ ሽማግሌ፣ ልትገድለው ነው?"

"ደሙ ውስጥ ያለው አልቋል፣ ልጄ።"

"ቢሞትስ?"

"ተጠያቂው እኔ ነኝ።"

አልኩና ያልኩት ዘግይቶ ገባኝ። እስከዚያ ቀን የሚከሱኝበትን አጥተው ነበር፤ ከሞተ ክሱን ራሴ አቀበልኳቸው ማለት ነው።

ጠባቂው በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አመጣ። ትን እንዳይለው በጥቂት ውሃ አርሼ ድዱን በጣቴ አሸሁለት። ምንም የለም። ደግሜ አሸሁ። ጥርሴ፣ የቀሩልኝ ማለቴ ነው፣ ይንገጫገጭ ጀመር። ጠባቂው ዐይኑን ከእኔ አልነቀለም።

ገበሬው ከንፈሩን ላሰ። ቆይቶ ዐይኑን ገለጠ።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ሰባት።"

"ጾሜን አስገደፉኝ?" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አሁን ድንቹን ብላ። ስኳሩ ቶሎ ያልቃል፤ ዘግይቶ የሚደርሰው ያቆይሃል።"

"እስከ ዘጠኝ እጠብቃለሁ።"

ዘጠኝን እንደማያይ አውቃለሁ። ኬሚስትሪዬ እዚህ አለቀ።

"የቀረውን እኔ ልጹምልህ" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ቂጣዬን ስገምጥ አይቶኛል።

"እርስዎ? ይችሉታል?"

"እንጃ። እስከ ማታ ልሞክረው።"

ጋቢውን አስተካክሎ አማተበና ድንቹን በላ። እኔ እስከ ማታ ውሃም አልቀመስኩ፤ ሆዴ ግን ክፍሉን ሁሉ ሲረብሽ ዋለ።

ከተፈታን ወዲህ አልተያየንም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ እቆያለሁ፤ ጎረቤቶቼ ሲያረጅ መነኮሰ ይሉኛል። ሰባት ሰዓት ላይ ሆዴ ሲጮህ ግን የማስበው ስለ ነፍሴ አይደለም። "ያ ሰው ዛሬስ በልቶ ይሆን?" እላለሁ።