ፒያሳ ያገኘሁት «ተማሪዬ» እና የሰከረው የወረቀት መቁረጫ

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ... ፒያሳ፣ የማተሚያ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ገና እግሬን ሳስገባ፣ አንድ ሰውዬ ከባንኮኒው ኋላ ወጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«ቲቸር! በሕይወት አሉ እንዴ!»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሕይወት መኖሬ እንዲህ ያስደነቀው ሰው አልገጠመኝም።

«አስተምረውኛል እኮ! ረሱኝ አይደል?»

ፊቱን መረመርኩት። ራሰ በራ፣ ጢሙ የተከረከመ፣ ሳቁ ከፊቱ የሚሰፋ... ምንም ትዝ አላለኝም። ግን ስንቱን አስተምሬ ስንቱን አስታውሳለሁ? አፈርኩና «እንዴት እረሳሃለሁ!» አልኩት። ለጨዋነት ሲባል መምህርም ይዋሻል።

አብራኝ ያለችው የእህቴ ልጅ ሜሮን ናት። ስድስት ኪሎ ትንሽ ማተሚያ ቤት ከከፈተች ገና ጥቂት ወሯ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዋ የሰርግ ጥሪ ካርድ ነበር። በውሰት መቁረጫ ቆረጠችው፣ በእጇ አጠፈችው። ዳሩ ተንጋደደ፤ እጥፋቱ ላይ ደግሞ ቀለሙ ተሰነጠቀና ነጭ መስመር አወጣ። መስመሩ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? በሙሽራውና በሙሽሪት ስም መካከል!

የሙሽሪት እናት ካርዱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው መለሱላት። «ልጄ፣ እኛ ሰው የምንጠራው ለሰርግ ነው፤ ለፍቺ አይደለም።»

እስከ ቅዳሜ አስተካክላ ካላስረከበች ሥራውም ስሟም ይሄዳል። ስለዚህ ያላትን ሁሉ ይዛ ሁለት ነገር ልትገዛ መጣች፦ መቁረጫ፣ እና ወፍራም ወረቀት ሳይሰነጠቅ እንዲታጠፍ አስቀድሞ መስመር የሚያሰምጥ መሣሪያ። ጠማማ ዕቃ ከገዛች ሌላ የምትገዛበት አቅም የላትም። እኔን ያስከተለችኝም ለዚሁ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦሜትሪ ሳስተምር ስለኖርኩ፣ የተንጋደደ ነገር ሳይ ምግብ አይስማማኝም።

«ተማሪዬ» ማኪያቶ አዘዘልን። የምቀመጥበትን ወንበር በገዛ እጅጌው ጠረገልኝ። ከዚያ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ መቁረጫ ገለጠ።

«ቲቸር፣ ይሄን ለሌላ ሰው አላወጣም። ይሄ ወረቀት አይቆርጥም... ይላጫል!»

ሜሮን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ አንፈትሸውም?» አለችኝ።

እሱ ነበር ችግሩ። ማኪያቶ የጋበዘህን፣ «ሰው ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት» እያለ ቆሞ የሚያስተናግድህን ሰው ዕቃውን እንዴት ትፈትሻለህ? ሌባ ነህ እንደማለት ነው እኮ! ማኪያቶዬን አማሰልኩ። ሜሮን በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ጫማዋ ባለ ተረከዝ ነው። ይሉኝታዬ ወዲያው ለቀቀኝ።

«እሺ» አልኩት፣ «ጥቂት ካርድ ቁረጥና ልክ መሆኑን ራስህ አሳየን። እንዳስተማርኩህ።»

በእኔ እጅ ያለፈ ተማሪ ይህችን ፍተሻ ውቤ በረሃ ሲጠጣ አምሽቶ እንኳ አይስታትም። አብረው ከተቆረጡት ሁለት ካርዶች አንዱን ትገለብጥና፣ ግርጌያቸውን አስተካክለህ ሌላው ላይ ትደርበዋለህ። ማዕዘኑ ልክ ከሆነ የተቆረጠው ዳር ገጥሞ ይተኛል። ከተንጋደደ ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ይህን ሳያደርግ ማስመሪያ የነካ ልጅ ክፍሌ ውስጥ አልነበረም።

ሰውዬው ቆረጠ። አንዱን ካርድ አነሳ። ወደ መብራቱ ዘረጋው። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ዳሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ... አሸተተው።

«ለመሆኑ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «ምን ነበር ያስተማርኩህ?»

ሜሮንን አየ። ኮቴን አየ። ጣሪያውን አየ።

«...ሥነ ምግባር?»

ሜሮንን ማኪያቶው ትን አላት።

ሰውዬው ግን የአራዳ ልጅ ነው፤ አላፈረም። «በቃ አባባ፣ ነቁብኝ! ኮት ለብሶ ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሰካ ሽማግሌ ሁሉ ለእኔ ቲቸር ነው። ሁሉም ‹እንዴት እረሳሃለሁ› ይለኛል። ከዚያ በኋላ ማን ዕቃ ይፈትሻል?»

«እኔ እፈትሻለሁ» አልኩና ሁለቱን ካርዶች ገልብጬ ደረብኳቸው። እንደ መቀስ ተከፈቱ። «ይኸው፣ መቁረጫህ ሰክሯል።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ሳቁ ጠፋ። «እና ይሄን ሁሉ ጊዜ የሰከረ ስሸጥ ነበር?»

ከቦርሳዬ የማዕዘን ማስመሪያዬን አወጣሁ። ወረቀቱ የሚደገፍበትን ብረት ብሎን አላልቶ ከማስመሪያው ጋር እንዲያስተካክል ነገርኩት። አስተካከለ፣ አጠበቀ፣ ቆረጠ። «ገልብጥ» አልኩት። ገለበጠ፤ ትንሽ ይቀረዋል። «ድገም።» ደገመ። አሁን ሁለቱ ካርዶች አንድ ሆነው ተኙ። በደስታ አጨበጨበ!

ሜሮን ደግሞ ሳይታጠፍ የተረፈ የሰርግ ካርድ አውጥታ መስመር ማስመጫው ላይ ሞከረችው። ስታጥፈው ቀለሙ አልተሰነጠቀም፤ ነጭ መስመር የሚባል የለም። የፍቺውን ነገር ከሜሮን የሰማው ሰውዬ የሙሽሮቹን ስም አነበበና «እነዚህ ሰዎችስ ታረቁ!» አለ። ሁለቱንም ዕቃ ገዛች።

ቅዳሜ የሙሽሪት እናት ካርዱን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። «አሁን ሰርግ መሰለ» ብለው ወሰዱት።

ሰኞ በዚያ ሱቅ በኩል ሳልፍ ሰውዬው ለሌላ ገዢ ካርድ ገልብጦ እየደረበ ያሳያል። እኔን ሲያይ በጣቱ ጠቆመኝና ጮኸ፦ «ይኸውልዎት! ያስተማሩኝ ቲቸር እሳቸው ናቸው!»

አሁንስ አልዋሸም፤ ዘግይቶ ተመዘገበ እንጂ ተማሪዬ ነው። ለሥነ ምግባሩ ግን ሌላ መምህር ይፈለግለት።