የአዴ ጫልቱ ቁጥር

ባለፈው ሳምንት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የሬዲዮናቸውን ድንጋዮች አውጥተው ግንቡ ላይ ፀሐይ ሲያስመቱ አየኋቸው። የባትሪ ድንጋዮቹ እንደ በርበሬ ተሰጥተዋል።

"አባባ፣ ይሄ ነገር አሁንም ይሠራል?" አልኳቸው።

"የፊዚክስ አስተማሪዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ? አንቺ ንገሪኝ እንጂ!" ብለው ሳቁብኝ።

ይሠራል። ለአንድ ዜናና ለግማሽ ዘፈን ያህል ይሠራል። ደወሉ ተደውሎ ተማሪዎቹ ሲገቡ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ሐሳቤ ጊንጪ ሄዶ ነበር።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ አምቦ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ እማር ነበር። ሱሴ ደግሞ የሞቱ ጌሞች ነበሩ። እነዚያ መዳፍ የሚያክሉ፣ ግራጫ መስተዋት ላይ ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን እየደረደርን መስመር የምናፈርስባቸው ጌሞች፣ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ከወንድም እህቱ ጋር የተቧቀሰባቸው ናቸው። ስልክ መጣና ሁሉም አልጋ ሥር ተወረወሩ። እኔ ከጉደርም ከጌዶም፣ ከዘመድም ከገበያም እለቅማቸው ጀመር። ቁልፉ አልታዘዝ ያለውን ላስቲኩን በአልኮል አጥባለሁ፤ ካልሆነም በእርሳስ እቀባዋለሁ። ድምፁ ለጠፋው ከተሰበረ መጫወቻ ድምጽ ማጉያ እነቅልለታለሁ። ከሁለት ሬሳ አንድ ነፍስ ያለው ሲወጣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እናቴ "የሰው ልጅ ዶሮ ያረባል፣ የኔ ልጅ የሞተ ጌም ታረባለች" ትል ነበር።

ከሁሉም የምኮራበት ሥራ ግን ሌላ ነበር። የድንጋዩን ማስገቢያ በቢላ ጠርቤ የአሮጌ ስልክ ባትሪና የቻርጀር ቀዳዳ እገጥምለታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ጌሙ ድንጋይ የሚባል ነገር አያውቅም። ይህ ወሬ ነው ጊንጪ ድረስ የተሰማው።

አዴ ጫልቱ ከእናቴ ጋር ነርስ ሆነው የሠሩ ሴት ናቸው። በተረኛነታቸው ጊዜ በሽተኛ ሲጠፋ ድምፁን ዘግተው ጌም ይጫወቱ ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ ጌሙም አብሯቸው ወጣ። ባላቸው ኦቦ ለሜሳ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጭልሞ ደን ችግኝ ሲያፈሉ የኖሩ ናቸው። ባልና ሚስቱ እራት በልተው ጌሙን እየተቀባበሉ ይጫወታሉ፤ ኦቦ ለሜሳ አንድም ቀን አሸንፈው አያውቁም። በኋላ የአዴ ጫልቱን ዓይን ግላኮማ ወሰደው። ከመጥፋቱ በፊት ያስመዘገቡት ትልቁ ውጤት ግን ጌሙ ላይ ቀረ፤ አርባ ስምንት ሺህ ሰባት መቶ።

ሲያስጠሩኝ መስከረም ነበር። ከሚኒባስ ወርጄ ቤታቸው እስክደርስ የደንዲ መረሬ ጭቃ ጫማዬ ሥር እየተጣበቀ አንድ ስንዝር አስረዘመኝ። ቅቤ የጠገበ ጭኮ ቀረበልኝ። አዴ ጫልቱ ጌሙን ከጋቢያቸው ውስጥ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"ሲፈን፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መስተዋቱ ደብዝዟል አሉኝ። ድንጋዩ ደክሟል።"

"እንቀይረዋለና፣ አዴ።"

"እሱ ነው ችግሩ። ድንጋዩ ወጥቶ ከቆየ ቁጥሩ ይጠፋል። ዓይን ሳለኝ በአፍታ እቀይረው ነበር፤ አሁን በዳበሳ አልደፍርም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እኮ አስነብበዋለሁ። ዓይኔ የሠራልኝ የመጨረሻ ነገር እሱ ነው። እንዳይጠፋብኝ፣ ማሎ፣ እባክሽ።"

አሮጌው ድንጋይ ሳይወጣ አዲሱን ባትሪ ጎን ለጎን በሽቦ አገናኝቼ፣ ድንጋዩን ከዚያ በኋላ እንደማወጣው ነገርኳቸው። ዕቃው አምቦ ስለነበር ቅዳሜ ልመለስ ተስማማን። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው አልኩ። ኦቦ ለሜሳ በዚያ ሰዓት ጓሮ ድንች ሲቆፍሩ ነበርና ይህን ማስጠንቀቂያ አልሰሙም።

ቅዳሜ ስመለስ ኦቦ ለሜሳን ሚኒባሱ መቆሚያ አገኘኋቸው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ እጄን ይዘው ወደ አንድ ሱቅ ጀርባ ወሰዱኝና ጌሙን ከካፖርታቸው ኪስ አወጡ። መስተዋቱ ጥርት ብሎ ደምቋል። ቁጥሩ ዜሮ ነው።

"ምን አደረጉት?"

"ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።"

"ጌሙን?"

"ድንጋዩን እንጂ! ደክሟል ስትል ቀደም ብዬ ሰምቻታለሁ። ሬዲዮኔ ሲደክም እንደዚያ ነው የማነሳው። አጥሩ ላይ አውዬ ብመልሰው ቦግ አለ። ደስ ብሎኝ ቁጥሯን ባይ..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? እንዲህ ያለውን ስሕተት በሬዲዮ ያደገ የኛ አገር ሰው ካልሆነ ማን ይሠራዋል። በሙሉ ልባቸው ሚስታቸውን ሊረዱ ብለው እኮ ነው።

"ይንገሯቸው" አልኩ።

"ምን ብዬ? ዓይንሽን ደግሜ አጠፋሁት ልበላት?"

እኔ ተጫውቼ ቁጥሩን ልመልሰው አልኩ፤ በጨዋታው አልታማም ነበር። ኦቦ ለሜሳ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንቺ ከሞላሽው የማንም ቁጥር ነው። ያጠፋሁት እኔ፣ የምመልሰውም እኔ።"

እንዲህ ሆነ። አንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት መብራት ለምነን ባትሪውን በየድኩት። ለአዴ ጫልቱ ጌሙ አምቦ ሄዷል፣ ሥራው ይቆያል ተባለ። ጌሙ ግን በኦቦ ለሜሳ ካፖርት ውስጥ ሆኖ ጠዋት ጠዋት ጭልሞ ይወጣ ጀመር። የጊንጪ ሰው ኦቦ ለሜሳ ምን ነካቸው እስኪል ድረስ፣ ያን ሁሉ ዛፍ የተከሉ ሽማግሌ ጽድ ሥር ተቀምጠው እንደ ልጅ ጌም ሲነካኩ ይውላሉ።

አንዳንድ ቅዳሜ እየሄድኩ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን አሠለጥናቸው ነበር። "በቀኝ በኩል አንድ ቦታ ባዶ ይተዉ፣ ረጅሟ ጡብ እስክትመጣ ይታገሡ" ስላቸው፣ "ጫልቱም ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ስትለኝ ነው የኖረችው" ይላሉ። ከዚያ መልሰው ይቸኩላሉ። የሚወርዱትን ጡቦች በኦሮምኛ ይለምኗቸዋል፣ ይቆጧቸዋል። ዕቅዱ ልክ ቁጥሯ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ሰብስበው ጡቡ ተከምሮ ጨዋታው እንዲያልቅ መተው ነበር። እሳቸው ግን ከግማሽ በላይ መድረስም አቃታቸው። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። በውስጤ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ፣ የስንዴ አጨዳው ደርሶ ሳለ፣ ስልኬ ጮኸ።

"ሲፈን! አለፈ!"

"ምኑ?"

"ቁጥሯ! አርባ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ደረስኩ። አንድ መስመር ብቻ ስፈልግ ሁለት ባንዴ ፈረሰብኝ፤ ለአንዱ መቶ፣ ለሁለት ባንዴ ግን ሦስት መቶ ነው የሚሰጠው። ሁለት መቶ ተረፈ።"

እንደገና ከዜሮ እንጀምር እንዴ ብላቸው፣ "ኧረ ጣቴ አልቋል! ሁለት መቶ ማን ያይብኛል" አሉ።

ጌሙን ከአምቦ እንዳመጣሁት አስመስዬ ለአዴ ጫልቱ ሰጠኋቸው። የጎረቤት ልጅ ተጠርታ እየጮኸች አነበበች። "አርባ ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ!" ኦቦ ለሜሳ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። አዴ ጫልቱ ቁልፎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳበሱ።

"ጋሪ ዳ" አሉ በመጨረሻ። "ጥሩ ሥራ ነው። ለሜሳ፣ ለልጅቷ እርጎ አምጣላት።"

ባላቸው እንደወጡ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

"አሸነፈኝ አይደል?"

"እንዴት አወቁ?"

"ቁጥሬን እረሳለሁ? አንቺ ብትሆኚ ልክ አድርገሽ ታቆሚው ነበር። ደግሞ ሰሞኑን ውሃ ሲያቀብለኝ አውራ ጣቱን ዳሰስኩት፤ ቆዳው ጠጥሯል። ችግኝ የሚያፈላ ሰው እዚያ ቦታ ላይ አይጠጥርበትም።" ከዚያ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። "ማወቄን እንዳትነግሪው። ካወቀ ይኮራብኛል፣ አያስቀምጠኝም። ከኔ በኋላ ትነግሪዋለሽ።"

ኦቦ ለሜሳ እርጎውን ይዘው ሲገቡ ሁለታችንም ቁም ነገር የምናወራ መሰልን።

አዴ ጫልቱ ካረፉ ሁለት ክረምት አለፈ። ከቀብሩ በኋላ ኦቦ ለሜሳ ጌሙን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። "እዚህ መብራት ይጠፋል። አንቺ ጋ ትኑር፣ ቁጥሯ እንዳይጠፋ" አሉኝ። ያን ቀን አደራዬን ልነግራቸው አፌ አልታዘዘም፤ ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው አሸንፈሃል ተብሎ ይነገራል? ከዚያም ቀኑ ቀኑን ወለደ። የቀሩትን ጌሞቼን ለተማሪዎች አድያለሁ። ይህችን ግን በየሳምንቱ ቻርጅ አደርጋለሁ። ዕቃ ማቆየት የሚሉት ነገር ለካ ከብየዳው በላይ ሳይሰለቹ መመገብ ነው።

ዘበኛችንን ያየሁ ቀን ግን ቤቴ እንደገባሁ ጌሙን ከመሳቢያ አውጥቼ ጊንጪ ደወልኩ። ከበስተጀርባቸው ሬዲዮ ይሰማል።

"ኦቦ ለሜሳ፣ አዴ ጫልቱ ከኔ በኋላ ንገሪው ያሉኝ ነገር ነበር።"

"ምን አለች?"

"አሸነፈኝ ብለዋል።"

ሬዲዮው ጠፋ።

"ታውቅ ነበር?"

"ቁጥሩ ከተነበበበት ቀን ጀምሮ። ጣትዎን ዳስሰው።"

"አዪ ጫልቱ!" አሉ። ድምፃቸው ሳቅም ለቅሶም ነበረበት፤ እኔም ዓይኔ ሞላ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጌሟ አጠገብሽ ናት?"

"እጄ ላይ ናት።"

"እስኪ ቁጥሩን ንገሪኝ። መጀመሪያ የሷን፣ ቀጥሎ የኔን።"

የአዴ ጫልቱን በቃሌ ነገርኳቸው። የሳቸውን ከመስተዋቱ ላይ አነበብኩላቸው።