እምሩ ያስተማራት ጥያቄ

መምህር እምሩ አሜሪካን አይቶ አያውቅም። ማን ያሳየዋል? ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ፣ ዶሮ ማነቂያ ጎልምሶ፣ ከአንዲት ክፍል ቤቱ እስከሚያስተምርበት የማታ ትምህርት ቤት ያለችውን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። የአሜሪካን ታሪክ ግን እንደ አባቱ የርስት ክርክር ከሥር ከመሠረቱ ያውቀዋል፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ በሰው መሬት ከተናከሱበት ዘመን አንስቶ፣ ራሱ ባስቀረጸው ቴፕ ተጠልፎ እስከወረደው ፕሬዚዳንት ድረስ። አብዮቱ ሲፈነዳ ይህ እውቀት እንደ መኳንንት ካባ የሚያሳፍር ሆነ። ደግነቱ፣ ኢምፔሪያሊዝምን ለመርገምም ቢሆን የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል።

እውነተኛ ተማሪው አንዲት ነበረች። ሰርክአዲስ ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ ከባንኮኒ ኋላ ትሠራለች፤ ማታ ማታ ትማራለች፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት ቆርጣለች። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ እምሩ ማኪያቶውን ይዞ እዚያው ባንኮኒው ላይ ያስተምራታል።

«ይኸውልሽ፣ የስኳሩ ዕቃ እንግሊዝ ነው። የሲጋራ መተርኮሻው ፈረንሳይ።»

«መተርኮሻው ለምን ፈረንሳይ ሆነ ጋሼ?»

«ስለሚቃጠል ነዋ! ተሸንፎ ከአህጉሩ ይወጣል።»

«የአገሩ ባለቤቶችስ? ቀይ ሕንዶቹ የታሉ?»

«ባንኮኒው ናቸው» አላት። «ሁሉም እላያቸው ላይ ነው የሚደባደበው።»

ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ጨርቋን አንስታ ባንኮኒውን ቀስ ብላ ወለወለችው። እምሩ በማስተማር ዘመኑ ነገር እንደዚያ የሚገባው ተማሪ አላየም።

ዋናውን ነገርም ያስተማራት እሱ ነው። «እንግሊዝ በጦርነቱ ከሰረችና ወጪውን ሰፋሪዎቹ ላይ ጣለች። እነሱም የተነሡት ግብሩ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ማን ጠየቀን ብለው ነው። ታሪክ ስታነቢ ሁልጊዜ ይህን ጠይቂ፤ ሲወሰን የሚከፍለው ሰው ተጠይቋል ወይ?» ይህን ሲል ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ኬክ ቤት ውስጥ ጀግና መሆን ከማኪያቶ በላይ አያስከፍልም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወርቅአፈራሁ ነበር፤ ትናንት አትክልት ተራ የሽንኩርት ደላላ፣ ዛሬ የዲያሌክቲክስ ሊቅ። እምሩ በእሑዱ የውይይት ክበብ «ኢምፔሪያሊዝም ከልደት እስከ ሞት» በሚል ርዕስ ገለጻ እንዲሰጥ አዘዘው። እምሩም ሰጠ። ሰፋሪዎቹን «ጭቁን ሕዝብ»፣ ንጉሡን «አድኃሪ» እያለ፣ በየሐረጉ አብዮታዊ ቅመም እየነሰነሰ። አዳራሹ ያንቀላፋል፤ አጨብጭቡ ሲባል ነቅቶ ያጨበጭባል።

«ጥያቄ ያለው ጓድ?»

ሰርክአዲስ እጇን አወጣች። እምሩ ደስ አለው፤ ልታኮራኝ ነው አለ በልቡ።

«ሰፋሪዎቹ ሳንጠየቅ አንከፍልም ካሉ» አለች ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ባለፈው ወር ለእናት አገር ጥሪ ከደመወዛችን ሲቆረጥ፣ እኛን የጠየቀን ማነው?»

ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ። የጓድ ወርቅአፈራሁ ዓይን ከልጅቱ ላይ ተነሥቶ እምሩ ላይ አረፈ። ይህን ማን አስተማራት ይላል ዓይኑ። እምሩ «ጥያቄው የኔ ነው» ማለት ይችል ነበር። «ሌላ ቀን እንመለስበታለን» ቢል እንኳ ሰዉ ተመልሶ ይተኛ ነበር። ያቺን አፍታ ኋላ ዕድሜ ልኩን ሲያርማት ኖረ፤ መምህር አይደል፣ ማረም ያውቃል። ያኔ ግን የአራዳ ምላሱን መዘዘ።

«ጓዶች፣ ኬክ መሀል መዋል ንዑስ ከበርቴ ያደርጋል ማለት ይህ ነው! ክሬሙ ወደ ጭንቅላት ይወጣል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ወርቅአፈራሁም ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ግን ፊቱን አኮሳትሮ ልጅቱን ግለ ሂስ አድርጊ አላት። ሰርክአዲስ ቆማ እምሩን አየችው።

«ጥያቄው የራሴ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም» አለችና ተቀመጠች።

«ንቃቷ ያልጠራ» ተባለች፤ ያለ ቀበሌው ድጋፍ ደግሞ ማሠልጠኛው አይቀበላትም። እምሩ ኬክ ቤቱ በር ድረስ እየሄደ ይመለስ ጀመር። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል አንድ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ ወጣ። የሚናገረውን በመንገድ ሁሉ አጠናው፤ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጅቱ የጠየቀችው እኔ ያስተማርኳትን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ድጋፉን ይስጧት።» አጭር ነው። ለሰነፍ ተማሪ እንኳ አይከብድም።

ጓድ ወርቅአፈራሁ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለው። «መምህራችን! ይቀመጡ እንጂ! ያቺን ክሬም ያሏትን ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጓዶች ብነግራቸው በሳቅ ሞቱ እኮ። ለምን ጉዳይ መጡ?»

እምሩ አፉን ከፈተ። በመስኮቱ በኩል ጠብመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ግድግዳ ተደግፎ ብርቱካን ይልጣል።

«ሰላም ልልዎት ብዬ ነው» አለ።

«እንግዲያስ ለሚመጣው እሑድ የአሜሪካኖቹን የእርስ በርስ ጦርነት ያዘጋጁልን፤ ባሪያ ፍንገላውንም ጨምረው።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?» አለ መምህር እምሩ።

ምዝገባው ዓርብ ተዘጋ። እሑድ እምሩ ስለ ባሮቹ ነፃ መውጣት አፉ እስኪደርቅ ተናገረ፤ ሞቅ ብሎ ተጨበጨበለት። ሰርክአዲስም ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ መቅረት ያስቀጣልና። ከሰዉ እኩል አጨበጨበች፤ ጥያቄ ያለው ሲባል ነጠላዋን አጣፍታ በሩን ታይ ነበር።