ሳሙናው ሳይደርቅ የተፈረመ ውል

ጸጉር ቆራጩን ሰፈሩ ሁሉ «አባ ዝግታ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ አልዋሽም፤ ካስፋፉት ሰዎች ግን አንዱ ነኝ። እሳቸው ዘንድ ጢሙን ሊላጭ የገባ ሰው ሲወጣ መልሶ አብቅሏል እያልን እንቀልዳለን። እሳቸው አይቆጡም። የያዝኩት ምላጭ እንጂ ማንኪያ አይደለም ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የረባ ዕቃ ቢባል አንድ ነው፤ መርገጫውን ሲረግጡት ከፍ ዝቅ የሚል የብረት ወንበር። ቀይ ቆዳው ክንድ ማሳረፊያው ላይ ነጥቷል። ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ያለዚያ ወንበር መሥራት ጭንቅ ነበር። ደንበኛውን ወደ እሳቸው ከፍ ያደርጉታል እንጂ እሳቸው ወደ ደንበኛው አይጎነበሱም።

አንድ የማይጣስ ሕግም ነበራቸው፤ ሳሙና ሰው ፊት ላይ አይደርቅም። አረፋው አንዴ ከተቀባ፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ጢሙ ያልቃል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው የልጃቸው ባል ነው። እሱም ጸጉር ቆራጭ ነው፤ ያን ጊዜ በሰው ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ እጁም ምላሱም ፈጣን።

አማችየው የራሱን ቤት ለመክፈት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ በስምህ ያለ የሥራ ዕቃ አሳይ ተባለ። አባ ዝግታ ወንበሩን በወረቀት ብቻ ሊሸጡለት ተስማሙ። ፈቃዱ ሲወጣ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ወንበሩም ካለበት ንቅንቅ አይልም። ውሉን ይዞ የመጣው መቼ መሰላችሁ? ልክ ጉንጬን በአረፋ ሸፍነው ምላጩን ሲያነሱ። ቶሎ ቶሎ አነበበላቸው። እሳቸው የሚያዩት የኔን አገጭ ነው። «ዋጋውን በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ብቻ ቀና አሉ።

«ምን ተቀበልኩ?»

«ለወጉ ነው አባባ። እንዲህ ካልተባለ ሽያጭ አይሆንም።»

እጃቸውን በፎጣ ጠራርገው ፈረሙ። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት የሰፈራችን ጫማ ሰፊና አንድ ሹፌር ምስክር ሆኑ። እኔን ከምስክርነት ያተረፈኝ አረፋው ነው።

ፈቃዱ ወጣ፤ ወረቀቱ ግን አልተቀደደም። አማችን «ወረቀቴን መልስ» ማለት ለአባ ዝግታ ነውር ነው። ይህ ይሉኝታ የሚሉት ነገር እኔን ያንገበግበኛል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብዬ ጎተጎትኳቸው። አማች ልጅ ነው ብለው አፌን አስያዙኝ።

ቆየና ባልና ሚስቱ ተጣሉ፤ ጠቡም ወደ ፍቺ ሄደ። ልጃቸው ሕፃን ሴት ልጇን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። አባ ዝግታ ወረቀቱን የጠየቁት ያን ጊዜ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አማችየው ወንበሩ የኔ ነው አለ። አልፎም፣ እናቷ መተዳደሪያ ስለሌላት ሕፃኗን በፍርድ ወስጄ እናቴ ዘንድ አሳድጋታለሁ ብሎ ዛተ። አባ ዝግታ ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላቸው።

የሁለቱም ወገን ዘመዶች ሊሸመግሉ እዚያው ጸጉር ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ፤ እኔም በጎረቤትነት ተገኘሁ። ልጃቸው ሽያጩ የውሸት እንደነበር፣ አባቷ ሰባራ ሳንቲም እንዳልተቀበሉ ተናገረች። ጫማ ሰፊው እምላለሁ አለ። ነገሩ ወደ አባ ዝግታ አጋደለ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ወንበሩ ላይ ነበር፤ የልጅ ልጃቸው እዚያ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

«ወንበሩን ብትወስድ ልጅቷን ለእናቷ ትተዋለህ?» አሉት።

ያ ፈጣን ሰው ሚስቱን አየ፣ ወንበሩን አየ፤ በመጨረሻ እተዋለሁ አለ። ጻፈው አሉት። ጻፈ። መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል፣ ደጋግመው አነበቡት። በዚያን ቀን ማንም ፊት ላይ ሳሙና አልነበረም። ዘመዶቹ እንዲፈርሙ አድርገው ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጧት።

ትልቁ ዘመድ ግራ ገብቷቸው፣ «ታዲያ ወንበሩን በእርግጥ ሸጠውለታል?» ብለው ጠየቁ።

«ሸጫለሁ።»

«ዋጋውንስ?»

አባ ዝግታ ሕፃኗን ከወንበሩ ላይ አንስተው አቀፏት።

«በሙሉ ተቀብያለሁ» አሉ። ልጃቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

አሁን ደንበኛ የሚቀመጠው ከቤት በወጣ የእንጨት ወንበር ላይ ነው። ትናንት ጢሜን ሊላጩኝ አጎንብሰው ጀመሩ፤ አንዱን ጉንጬን እንደጨረሱ ወገባቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደገፉ። ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም። ቆይተው ሲመለሱ ሌላኛው ጉንጬ ላይ አረፋው ደርቆ ነበር። በጣታቸው ነካ አደረጉትና እንደገና ሳሙና ቀቡኝ።