በወንጌል ኅዳግ የተጻፈው ሜዳይ

አባቴ የጡረታ መታወቂያውን ሊያሳድስ ከጋዝጊብላ ሰቆጣ የመጣ ዕለት «የለም» ከምትል አንዲት ቃል ጋር ተጣልቶ ቤቴ ገባ። ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። እኔ ሴት ልጁ ያኔ ሰቆጣ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፤ አባቴም ከተማ በመጣ ቁጥር የሚያርፈው እኔ ዘንድ ነው። ያን ቀን ግን ማረፍ የሚባል ነገር የለም። ከበሩ እስከ ጓዳው እየተመላለሰ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ይናገራል። አባቴ አማርኛ ሲናገር ወታደር ነው፤ ቃሉ አጭር፣ ትእዛዙ ብዙ። ኽምጣና ከጀመረ ግን ነገሩ ከልብ ነው ማለት ነው፤ እስኪወጣለት ዝም ብሎ መጠበቅ ይሻላል።

ሲወጣለት የገባኝ ይህ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የድሮ ፋይሉን አውጥቶ ዝርዝሩን አነበበለት። ስሙ ትክክል፣ የተቀጠረበት ዘመን ትክክል፣ የዘመተበት አገር ኮንጎ፣ ይኸም ትክክል። «ሽልማት» ከሚለው ፊት ለፊት ግን «የለም» ተብሏል። ያውም በታይፕ። አባቴን የባሰ ያበገነው በታይፕ መጻፉ ነበር። በእጅ ቢጻፍ ኖሮ አንድ ሰካራም ጸሐፊ ነው ብሎ ይተወው ነበር፤ በታይፕ ሲሆን መንግሥት ራሱ አስቦበት፣ ቁጭ ብሎ፣ ፊደል በፊደል «የለም» ያለው መሰለው።

«እኔ የለም ተብዬ አልቀበርም» አለኝ።

የሜዳዩን ታሪክ ያልሰማ የአገራችን ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ አባቴ ሰላም ሊያስከብር ኮንጎ ዘምቶ ሳለ አንድ ጓዱ ቆስሎ ወንዝ ማዶ ቀረ። አባቴ በጥይት መካከል ተሻግሮ፣ ራሱን የሳተውን ጓዱን በጀርባው አዝሎ መለሰው። ስለዚህም የጀግንነት ሜዳይ ደረቱ ላይ ተሰካለት። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ከዓመት ዓመት የሚያድገው ወንዙ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ስፋቱ የቤተ ክርስቲያናችንን ቅጥር ያህል ነበር። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ተከዜን አከለ። አስተማሪ ሆኜ ስመለስ ደግሞ ማዶው በመነጽር ካልሆነ አይታይም፤ አዞ የገባበትም በዚያው ሰሞን ነው። አዞውን ተጠራጥሬው ይሆናል፤ አባቴን ግን አንድም ቀን ተጠራጥሬው አላውቅም።

በማግስቱ አብሬው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ትሑት ሰው ነው። አባቴን «አባቴ» እያለ ነው የሚያናግረው፤ አባቴ ደግሞ ትሕትናውን ከተንኮል ቆጥሮበታል። የተሳሳተ መዝገብ ማረም እንደሚቻል አስረዳን። የሚያስፈልገው ወይ ሜዳሊያው ራሱ ነው፣ ወይ የተሸለሙበት ደብዳቤ፣ ወይ ደግሞ ከታወቀ ተቋም ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ። ደብዳቤውን ምስጥ ከበላው ቆይቷል። ሜዳሊያውስ ቢለው አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ለመልአኩ ሰጥቼዋለሁ» አለ።

ሠራተኛው ብዕሩን አስቀመጠ። እኔ ነኝ ያስረዳሁት። አባቴ ወንዙ መካከል ሳለ፣ ከዚህ ውሃ ካወጣኸኝ ይዤ ከምገባው ሁሉ የበለጠውን ላንተ ብሎ ለደብራችን መልአክ ተስሎ ነበር። ከኮንጎ ይዞ የገባው ሁለት ነገር ነው፤ ሜዳይና ሬዲዮ። ሜዳዩን ሰጠ፣ ሬዲዮውን አስቀረ። የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ የአባቴ አብሮ አደግ ስለሆኑ ይህችን ነገር ዕድሜ ልካቸውን አልተዉለትም። የበለጠው የትኛው እንደነበር አንተም መልአኩም ታውቃላችሁ ይሉታል። ሜዳዩ ታቦት ሲወጣ በሚዘረጋው ድባብ ዘርፍ ላይ፣ ከትንንሽ ቃጭሎች ጎን ተሰፍቶ አርባ ዓመት ሲወዛወዝ ኖረ።

ሠራተኛው ይህን ሁሉ በጥሞና ሰማና፣ እንግዲያውስ አምጡት አለን።

ቅዳሜ ወደ ደብራችን ወጣን። እስከ አንድ ቦታ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር ነው። አባቴ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ዳገቱን የሚወጣው ሜዳይ እንደሚቀበል ሰው ነበር። ቄሰ ገበዙ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው የስለት ዕቃ ከቅጥር እንደማይወጣ ቁርጡን ነገሩን። ማየት ግን ይቻላል ብለው ድባቡን ከዕቃ ቤት አውጥተው ዘረጉልን። ሜዳዩ አለ። ችግሩ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በየንግሡ ከቃጭሉ ጋር ሲፋተግ ፊቱም ጀርባውም እንደ አሮጌ ሰሃን ለስልሷል። ፊደል የለ፣ ቁጥር የለ። የካፖርት ቁልፍ ነው ቢባልም መልስ የለንም። አባቴ ወልውሎ ሊያወጣው አውራ ጣቱን ወደ ምላሱ ሲወስድ ቄሰ ገበዙ እጁን ለቀም አደረጉት።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አሉ። «ወንጌሉ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ለደብራችን የተሰጠ ነገር ሁሉ፣ መሬት ሆነ መጋረጃ፣ በትልቁ የብራና ወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ኅዳግ ላይ ይጻፋል። ቀድታችሁ ማኅተም አድርጉበት እንጂ ከዚህ የበለጠ የታወቀ ተቋም ከየት ይመጣል ብዬ እኔ በደስታ ዘለልኩ። አባቴ ግን አልዘለለም። «ሜዳይ ሰጠ የምትለዋን መስመር ብቻ ቢጽፉልን ይበቃል» አለ ፈጠን ብሎ። ቄሰ ገበዙ አልሰሙትም፤ ወንጌሉን ይዘው ወጥተው፣ ቅጠሉን ፈልገው፣ ጮክ ብለው ማንበብ ጀምረዋል።

የጻፉት የዚያን ዘመን መሪጌታ ናቸው። ስሞቹን እዚህ አላነሣም፤ የቀረው ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «የዚህ ደብር ልጅ ወታደር እገሌ በባዕድ አገር ቁስለኛ አዝሎ ወንዝ ሲሻገር ውኃው ደረቱ ላይ ደረሰ፤ ጉልበቱም ከዳው፤ አለቀሰም፤ የተሸከመውን ሊጥል አሰበ። በጀርባው ያለው ቁስለኛ፣ የአበርገሌው ሰው እገሌ፣ ‹አትጣለኝ፤ እኔ በተከዜ ዳር ያደግሁ ነኝ፤ እግርህን ከምልህ ላይ አኑር› እያለ እየመራ አሻገረው። ቁስለኛውም በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ወታደሩ ስለዳነ የተሸለመውን ሜዳይ ለዚህ ደብር ሰጠ። ይህን የቀነሰ የጨመረ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን።»

አዞ የሚል የለም። ወንዙም ደረት ድረስ ነው።

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በዱላው ይጭራል። «እኔ ለንስሐ መስሎኝ ነው የነገርኳቸው» አለ በመጨረሻ። «ቀለም ሲበጠብጡም ለሌላ ሥራ መስሎኝ ነበር።»

የተሰማኝን ልናገር፤ ተናደድኩ። በመፍራቱ አይደለም። የደጋ ሰው ነው፤ ከምንጭ የሰፋ ውሃ ሳያይ አድጎ ኮንጎ ወንዝ ውስጥ ቢያለቅስ ማን ይፈርድበታል? የተናደድኩት ያንን የአበርገሌ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ራሱን አስቶ ጀርባው ላይ ስላስተኛው ነው። ሰውየው ነቅቶ ነበር። እየደማ፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ ግራህን፣ ቀኝህን እያለ አባቴን ያወጣው እሱ ነው። እኛ ቤት ደግሞ የአበርገሌ ቆለኛ ሲነሣ የሚቀልደው ማን ሆነና!

ቄሰ ገበዙ ለመቅዳት ፈቃደኛ ነበሩ፤ ግን ሙሉውን። አባቴ ስለ ሜዳዩ ያለችውን ብቻ ብሎ ለመናቸው። ቀነስክ ማለት ነው አሉት። እንባዋን ብቻ ተዉልኝ አላቸው። እሷም መቀነስ ናት አሉ፤ እኔ ለአንተ እንባ ብዬ ከጴጥሮስና ከጳውሎስ ጋር አልጣላም።

«እንግዲያው ይቅር» ብሎ ተነሣ። «የለም ይሻለኛል።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አባቴ ታሪኩን መናገር አቆመ። በገበያ ቀን ሰዎች ከበው እስቲ ያን ወንዝ ሲሉት ረሳሁት ይላል። ሬዲዮውን እንኳ አይከፍትም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣሁ አየዋለሁ፤ ተኮራርፈን እንበላለን። ሠራተኛው በሰው መልእክት ላከብኝ፤ እርማት የተደረገላቸው ዝርዝር በወሩ መጨረሻ ወደ ላይ ስለሚላክ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ አይስተናገድም አለ። ይህን ብነግረው አባቴ ይላኩዋ አለ።

ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። እኔ አፌ ካመለጠኝ መመለሻ የለኝም። አንተ እንደሆንክ መቃብር አለህ፣ ልጅ አለህ፣ የሚያወራልህ አገር አለህ አልኩት።

«የአበርገሌው ሰውዬስ? ስሙ ሌላ የት ተጽፏል?»

ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ቁጣው አልመጣም። «የትም» አለ። «አላገባም ነበር። እናቱ ነበረች፤ እሷም እኔ ስመለስ ሞታ ደረስኩ።» ከዚያ ተነሥቶ በሬዎቹን ለማየት ወጣ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የወታደር ካፖርቱን ለብሶ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ቆሞ አገኘሁት። ሙሉውን ጻፉ አላቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ ያልፈራ ሰው ምን አደረገ ተብሎ ይሸለማል አሉትና ወረቀቱን ስበው ጀመሩ። በዚያች ሰዓት ብቻ ስለ ሬዲዮው አላነሡበትም።

ሰኞ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘን ጽሕፈት ቤት ገባን። ሠራተኛው ማንበብ ሲጀምር ፈገግ ይል ነበር፤ ውግዘቱ ላይ ሲደርስ ፈገግታው ጠፋ። ለካ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ቅጹ ላይ ለሽልማት የተተወው ቦታ ሁለት ጣት አይሞላም። ወደ ኃላፊው ገባ። ኃላፊው «አንድ ሜዳሊያ» ብለህ ጻፍና ጨርስ አሉት፤ ድምፃቸው እስከ ውጭ ይሰማል። እሱ ግን እኔ ነፍስ አለኝ ብሎ ተመልሶ፣ ሌላ ወረቀት ታይፕራይተሩ ላይ አስገብቶ፣ ከወንዙ እስከ ውግዘቱ አንዲት ፊደል ሳያስቀር ገልብጦ ከቅጹ ጋር አያያዘው። እስከማውቀው ድረስ በዚያ ዘመን በጡረተኛ ፋይል ውስጥ ጴጥሮስና ጳውሎስ ያሉት የአባቴ ብቻ ነው።

ደንቡ፣ ባለጉዳዩ ከመፈረሙ በፊት የታረመው ይነበብለታል። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ስድስት ሰባት ሰዎች አሉ፤ ግማሾቹ የድሮ ወታደሮች ናቸው። ሠራተኛው ለአባቴ አዝኖ በሹክሹክታ ጀመረ።

«ከፍ አድርገህ አንብበው፤ ጆሮዬ ደክሟል» አለው አባቴ። ጆሮው ደህና ነው።

ሠራተኛው ድምፁን ከፍ አደረገ። «አለቀሰም» የሚለው ላይ ሲደርስ ከአግዳሚው አንዱ በአፍንጫው ሳቅ አለ። አባቴ እጁን አነሣ።

«እዚያ ላይ ስሕተት አለ» አለ።

ሠራተኛው ደነገጠ። እኔም፣ በቃ ተጸጸተ፣ ሊያስጠፋው ነው አልኩ። አባቴ ግን ወደ ሳቀው ሰው ዞሮ እንኳ አላየም። ካፖርቱን አስተካከለ፤ ለአለቃ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ያለቀስኩት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ወንዙ ውስጥ ነው። ሁለተኛው እሱ የሞተ ዕለት ነው። ያን ለመሪጌታው አልነገርኳቸውም ነበር።»

የሳቀውም ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ሠራተኛው ወረቀቱን አየ፣ አባቴን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። መጨመርም ተወግዟል፤ አይቻልም፣ ይቅር ይበሉኝ አባቴ አለው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አባቴ ትንሽ አሰበና እውነትህን ነው አለ። ብዕሩን ተቀብሎ ቀስ ብሎ ፈረመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እንግዲያው እሷን አንቺ ያዢልኝ» አለኝ፤ በኽምጣና።

እዚህ ላይ ማንም አላወገዘኝም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ። አባቴ ያለቀሰው ሁለት ጊዜ ነው።